ፈረስና መስኩ፦ የግጦሽ መሬት እንክብካቤና የአረም ቁጥጥር በአዊ ዞን

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የእንጅባራ ከተማ ገጽታ ከወትሮው ይለያል። ከአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ልዩ ልዩ ወረዳዎች የተውጣጡ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን በኮርቻ፣ በልጓምና በጌጣጌጥ አሸብርቀው ወደ ከተማዋ ይጎርፋሉ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በአድዋ ድል የተሳተፉትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ የሚያከብረው ይህ በዓል፣ ከዞኑ አልፎ የአገሪቱን ሕዝብና የውጭ ጎብኚዎችን ቀልብ መሳብ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማኅበሩ ከ60 ሺህ በላይ አባላትን ያቀፈ መሆኑም ይነገራል።

ይሁን እንጂ በበዓሉ ዕለት በሶምሶማና በጉግስ የሚታየው ፈረስ ቀሪዎቹን የዓመቱን ቀናት የሚያሳልፈው በመስክ ላይ ነው። የፈረሱ ጥንካሬ፣ የባዝራዋ መውለድና የውርንጭላው ማደግ የሚወሰነው በዚያ መስክ ላይ በሚበቅለው ሣር መጠንና ጥራት ነው። በአሁኑ ወቅት ደግሞ በአዊ ዞንም ሆነ በሌሎች የአማራ ክልል ደጋማ አካባቢዎች የግጦሽ መሬት በስፋት እየጠበበ፣ በይዘትም እየተራቆተ መጥቷል። ለበዓሉ የሚደረገው ዝግጅት ኮሚቴ፣ ዕቅድና በጀት ሲኖረው ለመስኩ ግን ይህን ያህል ትኩረት ሲሰጥ አይታይም። ይህ ጽሑፍ በየደረጃው የሚገኙ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ጉዳዩን ከሥራቸው ጋር አያይዘው እንዲመለከቱት ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከፍተኛ የፈረስ ቁጥር ካላቸው አገሮች በቀዳሚነት የምትጠቀስ ስትሆን፣ በአገሪቱ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች እንደሚገኙ ይገመታል። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚኖሩት በደጋማው የአገሪቱ ክፍል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ በላይ የምትገኘው እንጅባራና አካባቢዋ ለፈረስ እርባታ ተስማሚ ከሆኑት ሥፍራዎች አንዱ ነው። አካባቢው ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ረጅም የዝናብ ወቅት ያለው በመሆኑ ሣር እጥረት ሊኖርበት የሚገባ አይመስልም። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዳንግላም ሰፋፊ ረግረጋማ መስኮች ያሏት ወረዳ ናት። ችግሩ የዝናብ ማነስ ሳይሆን የመሬት አያያዝ መሆኑን ከወዲሁ መገንዘብ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ፈረስ እንዴት እንደሚግጥ ማወቅ ተገቢ ነው። የቀንድ ከብት ከላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው ሣሩን በምላሱ ጠቅልሎ ይነጫል፤ በዚህም የተነሳ በጣም ያጠረ ሣር መጋጥ አይችልም። ፈረስ ግን ከላይም ከታችም የፊት ጥርስ ስላለው ሣሩን ከመሬት ጋር አስተካክሎ መቁረጥ ይችላል። በቀን ውስጥም ከ14 እስከ 16 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ሲግጥ ይውላል፤ ያድራልም። በአንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ የቆየ ፈረስ የጣፈጠውን ሣር ደጋግሞ እየቆረጠ ሥሩን ያዳክመዋል። ሣሩ ሲዳከም መሬቱ ይራቆታል፤ የተራቆተውን ቦታ ደግሞ ፈረሱ የማይፈልገው አረም ይወርሰዋል። በመስክ ላይ አረም መብዛቱ ብዙውን ጊዜ የችግሩ መንስኤ ሳይሆን ምልክት ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። አረሙ ብቻ ተነቅሎ አጋጋጡ ካልተስተካከለ በሚቀጥለው ክረምት አረሙ ተመልሶ መምጣቱ የማይቀር ነው።

ፈረስ ሌላም ጠባይ አለው። ፋንድያውን በሚጥልበት ቦታ ያለውን ሣር አይበላም። ስለሆነም ፈረሶች ብቻቸውን የሚውሉበት መስክ ውሎ አድሮ ሁለት መልክ ይይዛል፤ በአንድ በኩል እንደ ምንጣፍ ያጠረና የተላጨ፣ በሌላ በኩል በፋንድያ የዳበረና ሣሩ ረዝሞ የገረጀፈ ይሆናል። በዚህ በዳበረው ክፍል ላይ ቱልት በመባል የሚታወቀው ሰፊ ቅጠል አረምና ሳማ ይስፋፋሉ። መስኩን በዓይን አይቶ ሰፊ ነው ማለት ስለዚህ ያሳስታል፤ ፈረሱ በትክክል የሚግጠው ከግማሽ ያነሰውን ሊሆን ይችላል።

የመስኩን አቅምና የእንስሳቱን ቁጥር ለማነጻጸር ቀላል ስሌት መሥራት ይቻላል። አንድ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ሁለት በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ግራም፣ በዓመት ደግሞ ከ1 ሺህ 800 ኪሎ ግራም በላይ ደረቅ መኖ ይፈልጋል ማለት ነው። ለአብነት አንድ ሄክታር መስክ በዓመት 30 ኩንታል ደረቅ ሣር ይሰጣል ብንል፣ መሬቱ እንዳይራቆት ግማሹ ብቻ መጋጥ ስላለበት ለፈረሱ የሚደርሰው 15 ኩንታል ነው። ይህ አንድ ፈረስን እንኳ ዓመቱን ሙሉ አይመግብም። በዚያው መስክ ላይ በሬዎች፣ ላሞችና በጎች እንደሚሰማሩ ሲታሰብ ደግሞ ጉድለቱ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኞች ይህን ስሌት በየመስካቸው ቢሠሩት ከብዙ ስብሰባ የተሻለ ግንዛቤ ያስገኛል የሚል እምነት አለን።

የግጦሽ መሬቱ የጠበበባቸው ምክንያቶች በርካታ ናቸው። የሕዝብ ቁጥር መጨመርና የእርሻ መሬት መስፋፋት ቀዳሚዎቹ ሲሆኑ፣ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአጎራባች ወረዳዎች የተስፋፋው የዲከረንስ ተክል የአካባቢውን ገጽታ ከመሠረቱ ለውጦታል። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ የግራር ዝርያ አሲዳማ በሆነው የአካባቢው አፈር ላይ በፍጥነት የሚያድግ፣ በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ለከሰል የሚደርስና ለአርሶ አደሩ ከፍተኛ ገቢ ያስገኘ ነው። የአፈሩን ለምነት እንደሚያሻሽልም ተረጋግጧል። የዚያኑ ያህል ቀደም ሲል ለከብትና ለፈረስ መሰማሪያ ይውል የነበረ መሬት በዛፍ ተሸፍኗል። ዛፉን በጥፋተኛነት መፈረጅ ግን ተገቢ አይሆንም። አርሶ አደሩ ችግኙን ከተከለ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር እያጨደ ለእንስሳቱ ይመግባል። አጭዶ የመመገብ ልምድ በአካባቢው ሥር የሰደደው በአንድ በኩል በዚህ መንገድ ነው። በቅርብ ዓመታት በዛፉ ላይ የታየው የዝገት በሽታም አርሶ አደሩ በአንድ ተክል ላይ ብቻ እንዳይተማመን የሚያስገድድ በመሆኑ፣ ከዛፍ የሚለቀቀው መሬት ለምን ጥቅም ይዋል የሚለው ጥያቄ በወረዳ ደረጃ ሊመከርበት የሚገባ ነው።

አሁን ወደ አረሞቹ እንመለስ። በአካባቢው መስኮች ላይ የሚታዩት አረሞች ሁሉ በእኩል ዓይን የሚታዩ አይደሉም።

ቱልት በብዛት የሚገኘው በመንደር ዙሪያ፣ በበረት አካባቢና ከብት በሚያርፍባቸው ቦታዎች ነው። ወደ መሬት ጠልቆ የሚገባ ወፍራም ሥር ስላለው ከላይ ቢታጨድ ወይም ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር የሚያፈራ ሲሆን፣ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከማበቡ በፊት፣ አፈሩ በዝናብ ርሶ በለሰለሰበት በሰኔ ወር፣ ከነሥሩ ቆፍሮ ማውጣት ያስፈልጋል። ሥሩ በጥልቀት ካልወጣ ድካሙ ከንቱ ነው። የተነቀለው ተክል እዚያው መስክ ላይ ከተተወ ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ሥር ሊሰድ ስለሚችል ከመስኩ መውጣት ይኖርበታል።

እምቧይና ኮሸሽላን የመሳሰሉ እሾሃማ ተክሎች ደግሞ በራሳቸው ከሚይዙት ቦታ በላይ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ፈረሱ እሾሁን በመሸሽ በዙሪያቸው ያለውን ጥሩ ሣር ሳይነካው ያልፋልና። በውኃ በሚተኛባቸው ዝቅተኛ መስኮች ላይ የሚበዙት ግጫና ቀጤማ መሬቱ ውኃ መቋጠሩን የሚጠቁሙ ናቸው። አክርማም ሲጎረምስ እንስሳት የማይደፍሩት ሲሆን፣ ለስፌት የሚፈልጉት እናቶች ግን ይቆጡ ይሆናል እንጂ እንደ አረም አይቆጥሩትም። በመስከረምና በጥቅምት መስኩን በቢጫ አበባ የሚያለብሰው መጭም እንዲሁ ነው። ለግጦሽ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ቢሆንም በጎጃም ለሚመረተው የጥቅምትና የኅዳር ማር ዋነኛ የንብ ቀሰም ከሚባሉት አንዱ ነው። መስኩን ከመጭ ፈጽሞ እናጽዳ የሚል ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት የንብ ባለሙያው ቢጠየቅ መልካም ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሹት መርዛማዎቹ ናቸው። አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የሚባለው ተክል ሁሉም ክፍሉ መርዛማ ነው። ፈረስ በአብዛኛው ሽታውን ስለሚጠላ በቁሙ አይነካውም፤ ከድርቆሽ ጋር ታጭዶ ሲደርቅ ግን ሽታው ስለሚጠፋ ሳይለየው ሊበላው ይችላል። ፈረስ ደግሞ እንደ ሌሎች እንስሳት የበላውን ማስታወክ አይችልም። የጉሎ ፍሬና ለአጥር የሚተከለው የወፍ ቆሎም ከፈረስ መሰማሪያ አጠገብ ሊኖሩ አይገባም። አረም ባይሆንም ጓያ በዚሁ አጋጣሚ ሊጠቀስ ይገባል፤ ለረጅም ጊዜና በብዛት ጓያ የተመገበ ፈረስ እግሩ ሊሽመደመድና አተነፋፈሱ ሊታወክ ይችላል።

ከውጭ የገቡ መጤ አረሞችን በተመለከተ ከጎረቤት ብዙ መማር ይቻላል። በጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭ መታየቱ በይፋ ከተገለጸበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ለመከላከል የፈሰሰው ጉልበትና ገንዘብ ከፍተኛ ነው። ቅንጭ አረም እየተባለ የሚጠራው ፓርቲኒየም ደግሞ በ1970ዎቹ አገሪቱ ውስጥ ከታየ በኋላ በመንገዶች ዳር ተከትሎ ወደ በርካታ አካባቢዎች ተዛምቷል። አንድ ተክል ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ የሚችል ሲሆን፣ ሣሩን ከማፈኑም በላይ የሰውና የእንስሳትን ቆዳ ያስቆጣል፤ የወተትን ጣዕምም ያበላሻል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ከእንጅባራም ወደ ቻግኒ የሚታጠፍ መንገድ ያለ በመሆኑ በመኪና ጎማ፣ በእህልና በአሸዋ ተጭኖ የሚመጣ ዘር ማረፊያ አያጣም። በመንገድ ዳር ያሉ ቀበሌዎች ያልተለመደ ተክል ሲያዩ ወዲያውኑ የሚያሳውቁበት አሠራር ቢዘረጋ ወጪው ከኢምንት የሚቆጠር ነው። ጥቂት ተክሎችን ከነሥራቸው በጓንት ነቅሎ ማቃጠል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ አንድ ሄክታር ከሞላ በኋላ ግን የዓመታት ሥራ ይሆናል።

ሕዝብን አስተባብሮ አረምን ከግጦሽ መሬት የማስወገድ ተሞክሮ በክልሉ ውስጥ አለ። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በምትገኘው ፎገራ ወረዳ አሜኬላ የተባለው እሾሃማ አረም የጋራ የግጦሽ መሬቶችን ወርሮ እንደነበረ ይታወሳል። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት የሚመራ ፕሮጀክት ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር በመተባበር ባካሄደው ሥራ ነዋሪዎች አረሙን እየነቀሉና መሬቱን ከልለው እያሳረፉ ሣሩ እንዲያገግም ለማድረግ ችለዋል። ከዚህ ተሞክሮ የሚወሰደው ዋነኛ ቁም ነገር ነቀላውና ክለላው የማይነጣጠሉ መሆናቸው ነው። አረም ተነቅሎ በማግስቱ ከብት የሚገባበት መስክ ትርፉ ድካም ነው።

በፀረ አረም ኬሚካል መጠቀምን በሚመለከት በአንዳንድ አካባቢዎች ያለው ግንዛቤ መስተካከል አለበት። በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፊ አረሞችን የሚያጠፋ በመሆኑ በመስክ ላይ ቢረጭ ቱልትን ብቻ ሳይሆን ማገጥንም ያጠፋል። ማገጥ በደጋው መስክ ላይ ከሣሩ ጋር ተቀላቅሎ የሚበቅል፣ በገንቢ ንጥረ ነገር የበለጸገና የአፈሩን ናይትሮጅን የሚያጎለብት ተክል ነው። እሱን አጥፍቶ መስክ አሻሽያለሁ ማለት አይቻልም። ከዚህም ሌላ መርዛማ አረሞች በኬሚካል ተረጭተው በሚጠወልጉበት ጊዜ ለእንስሳት ይበልጥ የሚጣፍጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ አደጋው ከመርጨቱ በፊት ከነበረው ይከፋል። ርጭት የግድ ካስፈለገ በእያንዳንዱ ተክል ላይ ለይቶ ማድረግ፣ በመያዣው ላይ የተጻፈውን የጥንቃቄ ጊዜ መጠበቅ፣ የሞተውን ተክል ከመስኩ ማስወገድና ንቦች በማይሠማሩበት ሰዓት መርጨት ይገባል። በብዙ ሰው የሚሠራ የእጅ ነቀላ በሚቻልበት አካባቢ ግን ወደ ኬሚካል የሚያስኬድ አሳማኝ ምክንያት አይታየንም።

የመስኩ ንጽሕና ከጤና ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። የፈረስ የአንጀት ትሎች እንቁላል ከፋንድያ ጋር ወጥቶ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ዕጭነት ይለወጣል፤ ዕጩም በጤዛና በዝናብ እየታገዘ ወደ ሣሩ ቅጠል ይወጣል። ሌላ ፈረስ ሣሩን ሲግጥ ዕጩን አብሮ ይውጠዋል። ውርንጭሎች ለዚህ ከሁሉም ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ፋንድያን በሳምንት ሁለት ጊዜ ከመስኩ ማንሳት የትሉን የሕይወት ዑደት የሚቆርጥ በመሆኑ በብዙ አገሮች ከመድኃኒት ባልተናነሰ ውጤት ያስገኘ ዘዴ ነው። በጋራ መስክ ላይ ይህን ማድረግ አስቸጋሪ ቢሆንም ፈረሱ በሚያድርበት አጥርና በጓሮ መሰማሪያ ግን ይቻላል። የተሰበሰበው ፋንድያ በክምር ብስባሽ ሲሆን በውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት የትሉን እንቁላልም አብዛኛውን የአረም ዘርም ይገድላል። ሳይብላላ በቀጥታ መስክ ላይ የሚበተን ፋንድያ ግን የአረም ዘር ተሸካሚ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ፋንድያን በትኖ በፀሐይ ማድረቅ የሚሠራው ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወቅት ነው፤ በክረምት መበተን ዕጩን በመስኩ ሁሉ ማዳረስ ይሆናል።

በዚህ ረገድ የአካባቢው አርሶ አደር ፈረስን ከከብትና ከበግ ጋር ቀላቅሎ የማሰማራት ልማድ ጥቅሙ ሊታወቅለት ይገባል። ፈረስን የሚያጠቁት አብዛኞቹ የአንጀት ትሎች በከብትና በበግ ሆድ ውስጥ መኖር አይችሉም። ከብቱ ከፈረሱ ቀጥሎ ሲግጥ የፈረሱን ትል ዕጭ ውጦ ያመክነዋል፤ ፈረሱ የጠላውንና የረዘመውንም ሣር ያስተካክላል። የዳንግላ በግ በመባልም የሚታወቀው የዋሸራ በግ ደግሞ ፈረስ የማይነካቸውን አንዳንድ ቅጠለ ሰፊ ተክሎች ይመገባል። ለየት የሚለው የጉበት ትል ነው። ይህ ትል በረግረግ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፍ ሲሆን በበግና በከብት ላይ የከፋ ጉዳት የሚያደርስ፣ ፈረስንና አህያንም ሊይዝ የሚችል ነው። ስለሆነም ውኃ የተኛባቸውን ዝቅተኛ መስኮች በክረምትና በክረምቱ መውጫ ከልሎ ማቆየት ለሣሩም ለእንስሳቱም ጤና ይበጃል።

በዳንግላ ወረዳ እንደ ዳንጌሽታ ባሉ ቀበሌዎች የጋራ ግጦሽ የሚካሄደው ወንዝ ዳር ባሉ፣ በክረምት ውኃ በሚያጥለቀልቃቸው ሜዳማ ቦታዎች ላይ ነው። እርጥብ መሬት በከብትና በፈረስ ኮቴ ሲረገጥ አፈሩ ይታመቃል፤ የዝናቡ ውኃ ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ ይተኛል ወይም ይጎርፋል። የታመቀውን መሬት ሣር ትቶት ግጫ ይይዘዋል። በእርጥብ መስክ ላይ ዘወትር የሚቆም ፈረስ ሰኮናው እየበሰበሰ ሊያነክስም ይችላል። መፍትሔው ግን ረግረጉን ፈጽሞ ማድረቅ አይደለም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሌላው መስክ ሲደርቅ አረንጓዴ ሣር የሚገኘው በዚያው ነውና። በሐምሌና በነሐሴ እንስሳትን ከዚያ ማራቅና ከጥቅምት ጀምሮ በተራ ማስገባት ይበልጣል።

በተራ ማሰማራት ሲባል ከውጭ የመጣ ሐሳብ አድርገው የሚያዩት አሉ። ፈረሱን በገመድና በችካል አስሮ ችካሉን በየዕለቱ የሚያዛውር አርሶ አደር ግን ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል። በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው የጓሳ አካባቢም የጋራ መሬትን በደንብ የመጠበቅ የቆየ ታሪክ አለው። በአካባቢው ነዋሪዎች በሚመረጥ አባ ቀራ ይመራ የነበረው የ«ቀሮ» ሥርዓት ሜዳውን ለተከታታይ ዓመታት ዘግቶ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ይከፍት ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢዳከምም የአካባቢው ማኅበረሰብ አዲስ ውስጠ ደንብ አውጥቶ ጓሳውን እስካሁን ጠብቆ ይገኛል። በአዊ ደግሞ የፈረሰኞች ማኅበርን የመሰለ፣ በየአካባቢው አለቃና አባላት ያሉት አደረጃጀት መኖሩ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ትልቅ አቅም ነው። ለጉግስ ሜዳ ማሰለፍ የቻለ አደረጃጀት ለቱልት ነቀላ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ለመስክ ክለላ ዋጋው ውድ የሆነ አጥር አያስፈልግም። በባንጃና በአካባቢው በስፋት የሚበቅለው ቀርቀሃ ለጓሮ መሰማሪያ በቂ ነው። እሾሃማ ሽቦ ለፈረስ አይመከርም፤ ሲደነግጥ ሮጦ የሚገባበት እንስሳ በመሆኑ የቆዳና የጅማት ቁስል ያስከትልበታል። በአንድ መሰማሪያ ውስጥ ሣሩ ወደ አራት ጣት ያህል ሲያጥር ፈረሱን ወደ ሌላው ማዛወርና የተጋጠው እስኪያገግም በክረምት ቢያንስ ለአራት ሳምንታት ማሳረፍ ጥሩ መነሻ ነው። በተራቆተው ቦታ ላይ ደሾ ሣርን በዳርና ዳር መትከል፣ ሲናርን ከቬች ጋር ዘርቶ ለድርቆሽ ማዋል ይቻላል። የአካባቢው አፈር አሲዳማ በመሆኑ ለእርሻ የሚቀርበው ኖራ መስክንም እንደሚጠቅም ባለሙያዎች ሊያስገነዝቡ ይገባል፤ አሲዳማነት ማገጥን የሚያዳክምና ጠንካራ አረሞችን የሚያበረታ ነውና።

ድርቆሽን በተመለከተ የሚታየው ስሕተት የማጨጃ ጊዜ መዘግየት ነው። ሣሩ ግማሽ ያህሉ ሲያብብ፣ ማለትም ዝናቡ ጋብ በሚልበት በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሊታጨድ ሲገባው፣ ሌላው የእርሻ ሥራ ስለሚደራረብ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሣሩ ገለባ ሆኗል፤ የአረሙም ዘር ደርቆ ረግፏል። ዘግይቶ የታጨደ ድርቆሽ ለፈረሱ የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ከመሆኑም በላይ ወደ ሌላ ቀበሌ ሲሸጥ የአረም ዘር ይዞ ይሄዳል።

የአስተዳደርና የሕግ ጎኑ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢያን ይበልጥ ቅርብ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 የወል መሬት እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊለወጥ እንደሚችል ደንግጎ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ በአማራ ክልልም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ወጥቷል። የወል የግጦሽ መሬት በተጠቃሚው ማኅበረሰብ ስም ተመዝግቦ የይዞታ ደብተር ሲያገኝ መስኩን ከመወረርና በየጊዜው እየተሸራረፈ ከመከፋፈል ለመጠበቅ የሚያስችል መሠረት ይኖረዋል። ይሁንና ደብተሩ ብቻውን ሣር አያበቅልም። ማን፣ መቼ፣ ስንት እንስሳ እንደሚያስገባ፣ አረም የሚነቀልበት ቀን መቼ እንደሆነና ደንቡን የጣሰ ምን እንደሚቀጣ የሚገልጽ ውስጠ ደንብ በተጠቃሚዎቹ ራሳቸው መጽደቅ ይኖርበታል። ለሥራ አጥ ወጣቶች መሬት ለመስጠት ሲታሰብ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት የጋራ መስክ መሆኑ የታወቀ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በዚያ መስክ የሚኖሩት ፈረስና ከብት ወዴት እንደሚሄዱ ሳይወሰን መሬቱን መሸንሸን ችግሩን ወደ ቀሪው መስክ ማዛወር ብቻ ነው።

መስኩ እየተሻሻለ ወይም እየከፋ መሆኑን ለመከታተል ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የልማት ሠራተኛው በየዓመቱ በመስከረም ወር በአንድ መስመር መቶ እርምጃ ተራምዶ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጫማው ጫፍ ሥር ያገኘውን ጥሩ ሣር፣ ማገጥ፣ አረም ወይም ባዶ መሬት ብሎ ቢመዘግብ፣ ቁጥሩ በቀጥታ በመቶኛ ይገኛል። በዚያው መስመር በየዓመቱ የሚደገም መዝገብ ለወረዳው ሪፖርት ከ«በስፋት ተሠርቷል» የተሻለ ማስረጃ ነው።

የእንስሳት ጤና ሥራም ከመስኩ ሥራ ጋር መቀናጀት አለበት። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በጥቃቅን ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ፣ በዝናብ ወቅትና በማግስቱ የሚበረታ ገዳይ በሽታ ሲሆን፣ መከላከያ ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። ነፍሳቱ በረግረግና በእርጥብ ፋንድያ አካባቢ የሚራቡ በመሆናቸው ፈረሱን ከምሽት እስከ ንጋት ከረግረግ ማራቅ ከክትባቱ ጋር የሚደጋገፍ ጥንቃቄ ነው። የትል መድኃኒትንም ያለ ምርመራ በየጊዜው መስጠት ትሎቹ መድኃኒቱን እንዲላመዱ ስለሚያደርግ በባለሙያ ምክር ብቻ መሆን ይኖርበታል።

በመጨረሻም ወደ ጥር 23 ስንመለስ፣ በበዓሉ ዕለት ከዞኑ ሁሉም አቅጣጫ የሚመጡ ፈረሶች በጋማቸው፣ በጭራቸውና በፋንድያቸው የየአካባቢያቸውን የአረም ዘር ወደ እንጅባራ ይዘው እንደሚመጡ፣ ሲመለሱም ከሌላው የወሰዱትን ይዘው እንደሚሄዱ ማሰብ ያስፈልጋል። ፈረሶቹ ከመንገድ በፊት ጋማና ጭራቸው ቢበጠር፣ በዓሉ የሚካሄድበት ሜዳ ፋንድያ በማግስቱ ተሰብስቦ በአንድ ቦታ እንዲብላላ ቢደረግ፣ የከተማው አስተዳደርና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎችም የመጀመሪያው ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ በሰኔ አጋማሽ ገደማ፣ ሜዳውን ተዘዋውረው አዲስ የበቀለ እንግዳ ተክል መኖር አለመኖሩን ቢፈትሹ ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም።